ምሳና ቤንዚን

ጋሽ ከተማ ጄኔቫ እስኪመጡ ድረስ ጀልባ ያዩት በፖስትካርድ ላይ ብቻ ነው። እውነቴን ነው! አዲስ አበባ ተወልደው፣ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተጋድመው የጎለመሱ ሰው ናቸው። ስደት ነው ሐይቅ ዳር ያዋላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጀልባ ጀርባ የሚታሰሩ ሞተሮችን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ስል ደግሞ እቤት ቁጭ አሉ እንዳይመስላችሁ። ፓኪ ከሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈር አጠገብ ካለች አሮጌ የጀልባ ቤት አንዲት ጥግ ተሰጥቷቸው፣ የስልሳዎቹን ሞተር እንደ ልጅ ለሚያቆላምጡ የስዊስ ሽማግሌዎች ይጠግናሉ።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው ቤንዚን በሚያፈስ ማያያዣ ነው። ከታንከሩ የሚመጣው ጎማ ሞተሩ ላይ የሚሰካበትን ቦታ ማለቴ ነው። እዚያ ውስጥ ከጣት ቀለበት የሚያንሱ፣ ኦሪንግ የሚባሉ ሁለት የጎማ ቀለበቶች አሉ። እነሱ ሲደርቁ ቤንዚን ያመልጣል። ሁልጊዜ ጠብ ሲል አይታይም፤ እዚያው ይተንና ክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች። ሌላው መካኒክ ጎማው ውስጥ አየር እየነፋ በሳሙና አረፋ ይፈትሻል። ጋሽ ከተማ? ኧረ ምን በወጣቸው! ክዳኑን ከፈት፣ አፍንጫቸውን ጠጋ፣ አንዴ ሳብ። «ታፈሳለች» ካሉ ታፈሳለች፤ «ደህና ናት» ካሉ ደህና ናት። በወደቡ ስማቸው ራሱ «አፍንጫው» ነበር።

ይኸው አፍንጫ ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ኮሮና ይዟቸው ተኙ፣ በሳምንቱ ተነሡ፤ አፍንጫቸው ግን ሳይነሣ ቀረ። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ ቤንዚኑም ለሳቸው እንደ ውኃ ሆነ። ለማን ይነገራል? ለባለሞተሮቹማ እንዴት ተብሎ! ለሚስታቸው ለእትዬ የወይንሐረግ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ወጥ ሲቀርብላቸው «ወይ ሽታው! እጅሽ ይባረክ» ይላሉ፤ ይበላሉ።

ልክ በዚያው ሰሞን እትዬ የወይንሐረግ አዲስ ጠባይ አመጡ። ሠላሳ ዓመት «የቤንዚን ግማት ራሴን ይበጠብጠዋል» ብለው የባላቸውን የሥራ ቦታ ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሴትዮ፣ በየቀኑ ከመኖሪያ ሰፈራቸው ከለዛቫንሼ ትራምና አውቶቡስ እየለዋወጡ ምሳ ማመላለስ ጀመሩ። ሳህኑን ሳያስቀምጡ ንጭንጩ ይጀምራል። «ኤዲያ! ዛሬ ደግሞ ከዚህ ከሰማያዊው ነው ይኼ ቤንዚን የሚሸተው። እንዴት ነው ሰው እዚህ ምሳ የሚበላው?»

ጋሽ ከተማም ቀላል ሰው አይደሉም። «እሺ በቃ፣ አትጩሂብኝ» ይሉና ሚስታቸው እንደሄዱ ሰማያዊውን እንደገና ይፈቱታል። የተነጫነጩበት ሞተር ይፈታል፤ ዝም ያሉበት ሞተር ለባለቤቱ ይሰጣል። ሰውዬው ሚስታቸውን አፍንጫ አድርገው ሁለት ዓመት ሠሩ፣ «እሷ የት ታውቃለች» ብለው! በልባቸውም «የወይኔ ነጭናጫ መሆኗ ለበጎ ነው» እያሉ ያመሰግኑ ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ነው አማቻቸው ጴጥሮስ የመጣው። ልጃቸው ሳራ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው የምትኖረው። ጴጥሮስ ጴንጤ ነው፤ ሳራም እሱን ተከትላ ሄደች። ጋሽ ከተማ ሰርጉን የበሉት ፊታቸውን አጥቁረው ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት በአማትና በአማች መካከል «ደህና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚለው ያለፈ ወሬ አልነበረም። በዚህ በጋ ታዲያ ጴጥሮስ ከእሱ ዕድሜ የሚበልጥ ሞተር ያላት አሮጌ ጀልባ ገዛ። ማያያዣው ያፈሳል። ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ዙሪክ ስንትና ስንት መካኒክ እያለ፣ ጄኔቫ ድረስ ይዞላቸው መጣ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም» አለ። «ቅዳሜ ዙሪክ ሐይቅ ላይ ጥምቀት አለን። አዳዲሶቹን አማኞች ጸጥ ወዳለው ዳርቻ የማሻግርበት ነው።»

ጋሽ ከተማ ስለ ጥምቀቱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ልጁ መጥቶ ለመናቸው እኮ! ከሁለቱ ኦሪንጎች ደረቁን ቀየሩ፤ ሁለተኛው ከሞተሩ ጋር አብሮ የኖረ ቢሆንም ደህና መሰላቸው፤ ተዉት። ሐሙስ እትዬ የወይንሐረግ ምሳ ይዘው መጡ፤ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ በሉ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከሰዓት ጴጥሮስ ሲመጣ ጋሽ ከተማ ክዳኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «አሽትቻታለሁ፤ ደህና ናት፣ ውሰዳት» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉድ ፈላ። ጉዱ የጀመረው ከወተት ነው። ጋሽ ከተማ ወተት ምድጃ ላይ ጥደው ሳሎን ገብተው ጋዜጣ ያዙ። እትዬ የወይንሐረግ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ሰላም ነው። ድንገት በሩ ተደበደበ፤ የላይኛዋ ጎረቤት ናት። «ሙስዬ! ቤታችሁ እየተቃጠለ ነው! ደረጃው ሁሉ ይሸታል!» ትላለች። ወጥ ቤት ሲገቡ ወተቱ አልቆ ድስቱ ከስሏል፤ ጭሱ እንደ ጉም ተኝቷል።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ተቀምጠሽ አይሸትሽም እንዴ?» አሉ ጋሽ ከተማ፤ የራሳቸውን ትተው።

እትዬ የወይንሐረግ መስኮቱን እየከፈቱ ፊታቸውን አዞሩ። «ጉንፋን ይዞኛል። ከረቡዕ ጀምሮ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል።»

ከረቡዕ! ጋሽ ከተማ ክው አሉ። ሐሙስ ዕለት የነበረው ዝምታ የጉንፋን ዝምታ ነበር ማለት ነው። ያን ሞተር ማንም አላሸተተውም። ስልኩን አንሥተው ሳራ ጋ ደወሉ፤ አይነሣም። ጴጥሮስ ጋ ደወሉ፤ ዝግ ነው። ለካ የነሱ ቤተ ክርስቲያን ከጥምቀት በፊት ከማለዳ ጀምሮ ሲጸልይ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። «ሞተሩን እንዳትነኩ» ብለው ጻፉ፤ የሚያነበው የለም። ሁለት አዲስ ኦሪንግ ኪሳቸው ከተቱና ኮታቸውን አንጠለጠሉ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ የወይንሐረግ።

«ዙሪክ። አንዲት ዕቃ ረስቼ ነው።»

የእትዬ የወይንሐረግ ፊት አመድ መሰለ።

ከጄኔቫው ባቡር ጣቢያ ከኮርናቫን እስከ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው። ባቡሩ ሎዛንን፣ በርንን ሲያልፍ ጋሽ ከተማ በየጣቢያው እየደወሉ ማርያምን ይለምናሉ። ይህን ሁሉ እየለመኑ ግን፣ ምን ላድርጋቸው፣ ውሸቱንም ጎን ለጎን ያሰናዳሉ። «ዕቃ ረስቼ ነው እላለሁ፤ ኦሪንጉን እቀይራለሁ፤ እመለሳለሁ፤ ማንም አያውቅም።» «ልጅህ ቤንዚን ላይ ተቀምጣለች፣ አንተ ስምህን ታስባለህ!» ብዬ ብቆጣቸው ደስ ባለኝ። ግን ደግሞ ያሳዝናሉ፤ በስተርጅና የቀራቸው ስም ያው የአፍንጫቸው ስም ነበር።

የጴጥሮስ ጀልባ የምትታሰርበት የዙሪክ ሐይቅ ወደብ ሲደርሱ መዝሙሩ ከሩቅ ይሰማል። ጀልባዋ ውኃው ላይ ናት። ሳራ ነጭ ከለበሱ ሁለት እናቶች ጋር ተቀምጣለች፤ ጴጥሮስ የማስነሻውን ገመድ ጨብጦ ሊስብ ጎንበስ ብሏል።

«እንዳትስበው!» ጮኹ ጋሽ ከተማ። «ጴጥሮስ! በእናትህ! እጅህን አንሣ!»

መዝሙሩ ቆመ። ጴጥሮስ እጁን አነሣ። ሴቶቹን አወረዱና ሁሉም መጥተው ከበቧቸው። ሳራ «አባዬ፣ ምነው? እማዬ ደህና ናት?» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ደህና ናት። እኔ ነኝ፤ አንዲት ዕቃ ረስቼ …» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ጴጥሮስ ፊቱ በራ። «እኔን ጋሼ! ለዚህ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ? እንዲያውም ከጠዋት ጀምሮ ቤንዚን ቤንዚን ሸቶኝ ነበር። ሳራም ሸቷታል። ግን ጋሼ አሽትተው ደህና ናት ካሉ የኛ አፍንጫ ነው የተሳሳተው ተባባልንና ተውነው።»

ጋሽ ከተማ ይህን ሲሰሙ ያሰናዱትን ውሸት ተዉት። የልጆቹ ሁለት ደህና አፍንጫ፣ ለእሳቸው ለሞተው አፍንጫ ብሎ ዝም ብሏል! ዛሬ ቢዋሹ ልጆቹ ነገም እንዲሁ ይሸታቸውና ይተዉታል።

«ልጆቼ» አሉ። «እኔ አይሸተኝም። ከኮሮና ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሞተሩን አላሸተትኩትም፤ ዋሽቼ ነው የሰጠሁህ።»

ጋሽ ከተማ መሬት መሬቱን እያዩ ስድቡን ጠበቁ። ጴጥሮስ አልተሳደበም። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና «ታዲያ በምን እንፈትሸው ጋሼ?» አለ።

«በሳሙና። እንደ ሰው ሁሉ።»

ከሴቶቹ አንዷ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አመጣች። ጎማውን ከታንከሩ ነቀሉት፤ ጴጥሮስ ጎማው መሐል ያለውን በእጅ የሚጨመቅ ኳስ እየጨመቀ አየር ነፋበት፤ ጋሽ ከተማ አረፋውን ማያያዣው ላይ ቀቡ። ፊስስ! አረፋው ተነፋ፤ ያቺው የተዉዋት ኦሪንግ ናት። አወጧትና ሁለቱንም በአዲስ ቀየሩ። እንደገና ነፉ፤ አረፋው ዝም አለ። ታንከሩን መልሰው ካያያዙት በኋላም ጴጥሮስንና ሳራን በየተራ ክዳኑ ሥር አስጎነበሷቸው።

«ይሸታል?»

«ምንም የለም ጋሼ።»

«አንቺስ?»

«ምንም የለም አባዬ» አለች ሳራ፤ እንባዋን እየጠረገች።

ሞተሩ ተነሣ። ጀልባዋ ስትርቅ ጋሽ ከተማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና እቤት ደወሉ።

«ደርሻለሁ። ሁሉም ደህና ናቸው። የወይኔ … ነገርኳቸው።»

«ምኑን?»

«አፍንጫዬ እንደማያሸት።»

ከወዲያ አፍንጫ መናፈጥ ተሰማ። «እሰይ። ቅቤው አርሮ ቤቱ ሲጨስ ‹ወይ ሽታው! እጅሽ ይባረክ› ካልከኝ ቀን ጀምሮ ይህን ስጠብቅ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ምሳ ይዤ የምመላለሰው ቤንዚን ወድጄ መሰለህ?»

«ሐሙስስ?» አሉ ጋሽ ከተማ። «ጉንፋን ይዞኛል አትይኝም ነበር?»

«ብነግርህ ማወቄን ታውቃለህ። ታፍራለህ ብዬ …» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄን ልገድላት ነበር፣ ከተማ።»

«ተይ እንጂ። ሁለታችንም ነን። ተይ፣ አታልቅሺ።»

ሐይቁ ላይ የመጀመሪያዋ እናት ከውኃው ብቅ አለች፤ እልልታው ዳርቻው ድረስ መጣ። እትዬ የወይንሐረግም ሰምተው ኖሮ ትንሽ ተረጋጉ።

«በል ከእንግዲህ በሳሙና ፈትሽ» አሉ። «እኔም ከትራሙ ተገላገልኩ።»

«በሳሙና እፈትሻለሁ» አሉ ጋሽ ከተማ። «ሰኞ ግን ምሳ ይዘሽ ነይ። ለአፍንጫዬ አይደለም።»