የመድኃኒት ክፍሉ የይለፍ ቃል

ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የክሊኒኩ ፕሮግራመር ጠረጴዛ በሰው ተከቧል። የሁሉም ስሞታ አንድ ነው፤ «አልገባም አለኝ!» እንግዳ ተቀባይዋም ነርሶቹም ስልክ ቁጥራቸውንና ትናንት የመረጡትን የይለፍ ቃል ይጽፋሉ፤ አዲሱ የኮምፒውተር መዝገብ «ተሳስተዋል» ብሎ ያሰናብታቸዋል። በሽተኛው ደግሞ ወንበሩን ሞልቶ ያጉረመርማል።

«ልጄ፣ የድሮውን መዝገብ ላውጣው እንዴ?» አሉ ትልቋ ነርስ።

«አምስት ደቂቃ፣ እትዬ! አምስት ደቂቃ ብቻ!» ይህንን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

አድሚን ገጹን ከፈተች። የሠራተኛው ሁሉ የመግቢያ መለያ የተቀመጠበት ጓዳ ነው፤ ከእሷና ከክሊኒኩ ኃላፊ በቀር ማንም አይገባበትም። የእንግዳ ተቀባይዋን መለያ ስትከፍት ክው አለች። የይለፍ ቃሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ጥፋቱ የራሷ ነው፤ በማንም አይላከክም። ሰው በስልክ ቁጥሩ እንዲገባ ብላ መለያውን በራሷ መንገድ ሠራችው፤ አድሚን ገጹ ላይ ግን እንደ አልጋና እንደ መርፌ ተራ ዕቃ አድርጋ አስመዘገበችው። ገጹ ምን በወጣው! የጻፉለትን ሳይመሰጥር፣ ወደማይነበብ ኮድ ሳይቀይር፣ እንደወረደ አስቀመጠ፤ መግቢያው ደግሞ የተመሰጠረ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ትናንት እኮ እያንዳንዱን «እኔም አላየውም» እያለች ነው ያስጻፈችው።

ቀጥላ የከፈተችው የመድኃኒት ክፍሉን ሠራተኛ ነው፤ የታላቅ እህቷን ባል። የይለፍ ቃሉ «ዛሬም አልቀመስኩም» ይላል።

እጇ ማውሱ ላይ ቀረ። እህቷ «መጠጡን ይተዋል ብዬ መጠበቅ በቃኝ» ብላ ልጆቿን ይዛ እናታቸው ቤት ከገባች ወር ሊሞላት ነው። እዚህ ግን ይህንን ማንም አያውቅም። ኃላፊው ከሰማ የመድኃኒቱን ቁልፍ በዚያው ሰዓት ይቀበለዋል፤ ሰውየው ቀልድ አያውቅም። እና የእህቷ ባል በየጠዋቱ ሥራ ሲጀምር ሊጽፋት የመረጣት ቃል ይህቺ ናት።

ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነው፣ ከላይ ፎቅ።

«እኔ ገብቻለሁ» አለ። የእሱና የእሷ መለያ ከመጀመሪያውም በሌላ መንገድ ስለተከፈተ ደህና ነበር። «አድሚኑ ላይ ነኝ። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ችግራቸውን ልይ።»

«ዶክተር፣ እባክዎ አይንኩት!»

«አልሰብረው፣ ምን ያስጮህሻል? እንግዳ ተቀባይዋን ከፈትኩ። እንዴ! ይሄ የልጇ ስም አይደለም?»

ቀጣዩ የመድኃኒት ክፍሉ ነው። ላስረዳ ብትል አትደርስም። የኃላፊውን የራሱን መለያ ከፈተች፤ «አድሚን ገጽ መግባት ይችላል» ከሚለው ጎን ያለችውን ምልክት አነሳች፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

«አስወጣኝ እኮ!» አለ ኃላፊው።

«እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት። መጥቼ እነግርዎታለሁ» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። አለቃ ላይ ስልክ መዝጋት እንግዲህ ይሄው ነው።

አራት መስመር ኮድ ጽፋ የሁሉንም የይለፍ ቃል አመሰጠረች። ገጹን መልሳ ስትከፍተው የሚነበብ ነገር የለም። ከወዲያ ትልቋ ነርስ «እሰይ! ገባሁ!» ሲሉ ሰማች።

ፎቅ ወጥታ ጥፋቷን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ኃላፊው ጆሮዋ እስኪግል ወረደባት፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጣት። ከእንግዳ ተቀባይዋ ወዲያ ያየው እንደሌለ ስታውቅ ግን ወረቀቱን እንደ ሽልማት ተቀበለች። ከዚያ ሠራተኛውን ሁሉ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች፣ የይለፍ ቃላቸውንም አስቀየረች። የመድኃኒት ክፍሉን የመጨረሻ ያደረገችው ፈርታ ነው።

«ጋሼ፣ የይለፍ ቃልህን ቀይር። በእኔ ጥፋት ትንሽ ጊዜ ይነበብ ነበር።»

ክኒን መቁጠሩን አቆመ። «አነበብሽው?»

ልትዋሽ አሰበች፤ አልሆነላትም። «አዎ። እኔ ብቻ ነኝ። ለእህቴ ልንገራት? ደስ ይላታል።»

«እንዳትነግሪያት!» አለ ፈጥኖ። አንገቱን ደፋ። «ትናንት ስጽፈው መጠጥ ካቆምኩ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር።»

የመቀየሪያውን ገጽ ከፍታ ኪቦርዱን አስጠጋችለት። እሱ ግን መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«ሳይቀየር ይቅር» አለ። «አንድ ሰው ቢያውቀው ይሻለኛል።»