የአቶ ዘርጋው ጉልበት

«ሸንበቆ» ባልኩት ፊደል ስሙ የሰርግ ካርድ ላይ የታተመ ሰው፣ ሞቶም ቢሆን ከሰርጉ አይቀርም። ፊደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ብዬ ግን አልሠራሁትም። ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር ወፍራም፣ አግድሙ እንደ ፀጉር ቀጭን የሆነ ሽቅርቅር ፊደል ፈልጌ ነበር። ለሽቶ ካርቶን፣ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለሰርግ ካርድ ያምራል። ለመድኃኒት ቤት ታፔላ አድርግልኝ የሚለኝን ግን አባርራለሁ። ቀጭኑ መስመር ከሩቅ አይታይማ።

የሚመጡት ሟቾችም እንደ ፊደሉ ናቸው። እግራቸው ደልደል ያለ ነው፤ ክንዳቸውን ለማየት ግን ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል።

ምንትዋብ ሰርጓ ሲቃረብ ማተሚያ ቤቴ መጣች። አባቷ አቶ ዘርጋው ካረፉ ቆይተዋል። አጎቶቿ የሟች ስም በጥሪ ካርድ አይወጣም፣ ሟርት ነው ብለዋታል። እሷ ደግሞ የአባቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት እንደማትወጣ ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው።

«ምናቸውን ነው የምትነኪው?» አልኳት።

«ጉልበቱን ነዋ፣ ጋሼ።»

እኔም ስማቸውን ከታች በኩል አወፈርኩት። መስመሩ እንዳይከብድ ከላይ ቀነስኩ፤ አግድሞቹን ጨርሶ እስኪጠፉ ድረስ አሳሳኋቸው። ፊደሉ አስጠላ፤ ምን ይደረግ፣ ጉልበት ይቅደም ብዬ አተምኩት።

የሰርጉ ዕለት አቶ ዘርጋው በሰዓቱ መጡ። ከወገባቸው በታች ቡናማ ሱሪ የለበሱ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ምንም አይታይም። ሚስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከጎናቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አጎቶቿም እንኳን ደህና መጣህ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሙሽራው ሳመና ተነሣ። ምንትዋብ ተንበረከከች፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ግራውን ሳመች፣ ፊቷን እዚያው ደፍታ አለቀሰች። ጉልበቱ ችሏታል። እሰይ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ነው የደነገጥኩት። ስንት ሰርግ በልቼ፣ አይ እኔ! ጉልበቱን የተሳመ አባት እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልጁን በትከሻዋ ይዞ ያነሣል፣ ጉንጯን ይስማል። እኔ ያሰብኩት ለምትስመው ብቻ ነበር። ክንዳቸውን ፍቄ ጨርሼዋለሁ።

ሱሪው ቆመ። ምንትዋብም ገብቷታል።

«አባዬ፣ ተወው» አለች ቀስ ብላ። «አፈር ስሆን፣ ይበቃኛል። እንዳትሰበር።»

የቬሎዋ ትከሻ በሁለት በኩል ጨምደድ አለ። ተነሣች። እግሯ ምንጣፉን ለቀቀ። ቀኝ ጉንጯ ተጫነ፣ ከዚያ ግራው፣ ከዚያ እንደገና ቀኙ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አሜን ይል ነበር፤ ምርቃቱን ግን አንድም ሰው አልሰማም።

ቀስ በቀስ ቡናማው ሱሪ ሳሳና ጠፋ። ምንትዋብ አልወረደችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጉንጯ እንደተጫነ፣ አየር ላይ ቀረች። ሙሽራው እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ወይዘሮ የሺመቤት የወደቀ ጫማዋን አንሥተው ከሥሯ ቆሙ።