መርፌውን የሚያነሳ

አቀናባሪው እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሲቁነጠነጥ ሦስት ወር ከርሞ፣ የሟች አባቱን የሙዚቃ ሸክላዎች ድምፅ ቆራርጦ የቀጣጠለውን፣ ዘፋኝ የሌለበትን ትሪፕ ሆፕ በሚሉት ዝግ ያለ የውጭ ስልት የሠራውን አልበም ጨረሰ። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ስለ አባቱ ነው። መጀመሪያ ያሰማው ለእናቱ ነበር።

እናቱ ግን አርፋ አልሰማችም። ብድግ ትላለች፣ ትቀመጣለች፣ ድምፁ የሚወጣው ከልጇ ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ፣ እጇ ወደ አባትየው አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ይሄዳል።

"እማዬ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚ እንጂ!"

"መርፌው ተይዟል እኮ! ያንኑ ይደጋግማል።"

"ሆን ብዬ ነው፤ ስልቱ ነው።"

"ጉድ እኮ ነው! የኛ ሲደጋግም ተበላሸ እንል ነበር፤ የናንተ ስልት ሆነ?"

በመጨረሻው ሙዚቃ አንዲት አጭር የሳክስፎን ዜማ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ትመላለሳለች።

"ይቺን እንኳ እኔ አልቆረጥኳትም" አለ በኩራት። "ሸክላው ራሱ እዚህ ጋ ተቦርቡሯል። መርፌው አላልፍ ሲል እንዳለ ቀዳሁት።"

እናቱ እጇን ከማጫወቻው መለሰች።

"አባትህ የሞተ ቀን ከገበያ ስመለስ ይቺኑ ከውጭ በር ጀምሮ ሰማኋት" አለች። "'ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? መርፌውን አያነሳም እንዴ?' እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ገባሁ።"

ልጇ ሊያጠፋው ተንደረደረ። በጥድፊያ ማጥፊያውን ሳተው፤ ሳክስፎኑ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።