በበረዶ ፋብሪካው በር ላይ የረጠበ ወረቀት

ከጓሯችን ያለው የበረዶ ፋብሪካ አየሩን ካበላሸው ሰንብቷል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔስ አርጅቻለሁ፤ የልጅ ልጄ የወለደችው ጨቅላ ግን ከሳሉ ብዛት ጡት መያዝ አቃተው። እናቱ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። “አሞንያ ነው እማዬ። በረዶ መሥሪያው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ እያፈተለከ ነው” አለችኝ። ለሥራ አስኪያጁ ብትነግረው “መጀመሪያ ሽንት ቤታችሁን አስመጥጡ” ብሎ መለሳት።

አንድ ቀን ቀይ ወረቀት ይዛ መጣች። ሊትመስ ይሉታል፤ ረጥቦ አሞንያ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል።

“ተይ ልጄ፣ ሰውየው ትልልቅ ሰው ያውቃል፤ ከሥራሽ ያስባርርሻል።”

“ያስባርረኝ። ልጄ ይተንፍስ።”

ብቻዋን ከምትሄድ ብዬ የማጥበውን ልብስ ትቼ ተከተልኳት።

በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠባቂውን አስከትሎ ወጣ። ጎረቤትም ተሰበሰበ። ወረቀቱን በያዘችው ጠርሙስ ውሃ ልታረጥብ ስትል፣ አንዳች ነገር እንዳይነካት ብዬ ነጠቅኳትና ራሴ አረጠብኩት። ገና ወደ ግንቡ ሳልጠጋ እጄ ላይ ሰማያዊ ሆነ።

“እማማ፣ ጋዙን ከቤትዎ ይዘውት መጡ እንዴ?” አለ ሥራ አስኪያጁ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የልጅ ልጄ እጄን አሸተተች። “ሳሙና ነው እማዬ። ሳሙናም ሰማያዊ ያደርገዋል።”

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

“በሉ፣ ጨዋታው አበቃ። ልጅቷን ይዘው ይግቡ” አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ብዬ እገባ ነበር። የዚያ ጨቅላ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው። “አንተ ልጅ” አልኩት፤ እስከዚያች ደቂቃ ጌታዬ እለው ነበር። “የትም እንዳትሄድ።”

በጠርሙሱ ውሃ እጄን ፈትጌ ታጠብኩ። አዲስ ወረቀት አረጠብኩና ለሰዉ አሳየሁ፤ ለጠባቂው ደግሞ አፍንጫው ሥር ወስጄ።

“ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?”

“ቀይ ነው እማማ” አለ አንገቱን ደፍቶ።

የጋዙ ቧንቧ ከግንቡ ወደሚወጣበት ስንጥቅ አስጠጋሁት። ሳላስነካው ከጫፉ ጀምሮ ሰማያዊ ሆነ። አሁን የሳቀ የለም።

“የሽንት ቤት ሽታ ነው” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“ሽንት ቤታችን ያንተ ግንብ ውስጥ ምን ይሠራል?” አለች አትክልት ሻጯ ጎረቤታችን።

“ነገ ባለሙያ ይመጣል።”

“ልጁ የሚተነፍሰው ዛሬ ነው” አልኩና በሩ መሐል ቁጭ አልኩ።

“እማማ ይነሱ፣ መኪና ይወጣል” አለ ጠባቂው።

“በላዬ ላይ ይውጣ።”

የልጅ ልጄም አጠገቤ ተቀመጠች። “ፈርተሻል እማዬ?”

“በጣም። ወዲህ ጠጋ በይ፣ መኪናው እንዳይገጭሽ።”

ብዙ ከቆየን በኋላ፣ ቧንቧውን ሊጠግን የተላከው የፋብሪካው መካኒክ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። “ዘግቼዋለሁ እማማ፣ ይነሱ።”

“በወሬ አልነሳም። ወረቀት አምጪ ልጄ።”

ስንጥቁ ጋ ሄጄ ያዝኩት። ቀስ ብሎ፣ ግን ሰማያዊ ሆነ። ለመካኒኩ አሳየሁትና ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ መፍቻውን ይዞ ተመልሶ ገባ።