ዳቡስ ዳር የቆመው ዘፋኝ

«አንቺማ እንግሊዝኛውን ከአባትሽ ነው የወረስሽው!» አሉ ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዱ፣ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኒ አንገቷን ደፋች። ባምባሲ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው እሷ ናት፤ አባቷ ምንውየለት ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» የዘለለ እንግሊዝኛ አልነበረውም። ይህን ከእሷና ከእናቷ ከእልፍነሽ በቀር አሶሳ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ትናንት የቀበሩትን ሰው ዛሬ ማዋረድ እንዳይመጣባት፣ ማንም ስለ ዘፈን እንዳይጠይቃት እየጸለየች ተቀምጣለች።

ምንውየለት ሙዚቃ ቤት ነበረው። ካሴት ሲቀር በሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር በፍላሽ እየጫነ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ዘፈን ለከተማው ያስለመደ እሱ ነው። ታዲያ መሸጥ ብቻ መች በቃው፤ ይተረጉማል! «ይኼን የቀዳው እኮ እናቱ የሞተች ዕለት ነው፤ ስቱዲዮው በሙሉ አልቅሷል» ይላል። ከየት አመጣኸው የሚለው አልነበረም። በእሱ ትርጉም የታረቀ ባልና ሚስት ብዙ ነው።

ሐኒ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ከነዚያ ዘፈኖች አንዱን ደህና አድርጋ ሰማችውና ክው አለች።

«አባዬ፣ ለምን ትዋሻለህ? ሰውዬው የሚዘፍነው ስለተሸጠች መኪናው ነው!»

«ተይኝ እባክሽ፤ ስለ መኪና እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። አኩርፋው ከረመች።

ከሰዓት በኋላ ዓፊያ መጣች። ገበያ ቅመም የምትሸጥ፣ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትል የበርታ ሴት ናት። «አላህ ይርሐመው» ብላ ሐኒ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ቆይታም በሹክሹክታ ጀመረች።

«አባትህ ጥሩ ሰው ነው፣ ወላሂ። አምና ልጄ ሞተ። እኔ ከቤት አልወጣም፣ አልበላም። አባትህ መጣ። ‹አንድ ዘፈን አለ፣ ስለ እናትና ልጅ ነው፣ ና ስማ› አለኝ። ሄድኩ። ትንሽ ነገረኝ፤ ‹ሌላው ቅዳሜ› አለኝ። ቅዳሜ ሄድኩ፤ ደግሞ ትንሽ ነገረኝ።»

«የትኛው ዘፈን ነው?»

ዓፊያ በጉሮሮዋ አንጎራጎረችው። ሐኒ ደነገጠች፤ የመኪናው ዘፈን ነው።

«ልጁ ወደ እናቱ እየመጣ ነው። ዳቡስ ደረሰ። ወንዙ ሞላ። አባትህ እዚያ ላይ አቆመ፣ ታመመ። አንተ አስተማሪ ነህ፣ ሌላውን ንገረኝ። ተሻገረ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሐኒ በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ የአሜሪካው ዘፋኝ ዳቡስ ዳር! አሁን ግን እውነቱን ብትናገር አባቷ አፈሩ ሳይደርቅ ውሸታም ሊባል ነው፤ ይቺን እናትም ወንዝ ዳር ጥላት ልትሄድ ነው። ብትዋሽ ደግሞ፣ አባቷን ያኮረፈችበትን ነገር ራሷ ልትሠራው ነው። እናቷን አየቻት። እልፍነሽ ሁሉን ሰምታለች፤ ግን መሬት መሬቱን ታያለች።

አባቷ በየቅዳሜው ሱቁን ከፍቶ ይቺን ሴት ሲጠብቅ ታያት። እንደዚያች ሰዓት ናፍቋት አያውቅም።

«ወንዙ ይጎድላል» አለች። «ግን ቶሎ አይደለም። ልጁ ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ማዶ እናቱ እሳት አንድዳለች፤ ጭሱ ይታየዋል።»

«እሺ» አለች ዓፊያ ጠጋ ብላ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ይጣራል። ‹አለሁ፣ አትፍሪ› ይላታል። እሷም…»

ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ብሏት የነበረው እንባ መጣ።

«እሷም…» አለች እንደገና። አልቻለችም።

«‹ሰማሁ› አለችው» አለች ዓፊያ። «‹ሰማሁ ልጄ፣ አትቸኩል።›»

የለበሰችውን ቶብ ጫፍ ሰበሰበችና የሐኒን ጉንጭ ጠረገችላት።