ኔሽ የሚሉት ስድብ

በእንግሊዝ አገር፣ በእኛ የደርቢሺር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር ሰውን ሌባ ብትለው ይቆጣሃል፤ ኔሽ ብትለው ግን ዘመድነት ይቀራል። ኔሽ ማለት ብርድ የማይችል ሰው ነው። በረዶ ሳይወርድ ካፖርት የሚደርብ፣ ጓንት የሚያጠልቅ፣ እሳት ባየ ቁጥር ወንበሩን የሚያስጠጋ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ "በርዶኛል" ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ነው።

አንድ ጊዜ የቤተ ጸሎታችን ፓስተር እኛ ቤት ሻይ ሲጠጣ፣ ቃሉ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው፣ ጥንት ስድብ እንዳልነበረ አጫወተን። ለስላሳ ማለት ነበር አለ፤ ለጋ ሣር ኔሽ ነው፣ የሚራራ ልብም ኔሽ ነው። አባቴ ሆራስ ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ ነከረና፣ "እና ታዲያ? ይሄ ብስኩትም አሁን ኔሽ ሆነ። ቶሎ ካልዋጥከው ይፈርሳል" አለው። ሳቅን። ወንድሜ ክላይቭ ብቻ አልሳቀም።

ክላይቭ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የከሰል ጉድጓድ አልወርድም ብሎ ወደ ደቡብ ሄደና በሚሞቅ የመስታወት ቤት ቲማቲም የሚያበቅል ሰው ዘንድ ተቀጠረ። አባቴ ለመንደሩ ሁሉ፣ "ልጄ ከቲማቲም ጋር ይሞቃል" እያለ አፌዘበት። ወሬው ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም፤ እናታችን ስትቀበር እንኳ አባቴን ሽሽት ከመቃብሩ በር ተመልሷል።

አባቴ በብርዱ ወር ሞተ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ገናዡ ልብሱን በከረጢት ሲሰጠኝ የማስበው ለለቀስተኛው ስለሚቀርበው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ነበር። "ሊኔት፣ ይቺንም ከሱሪው ሥር ለብሷት ነበር" አለኝና አንገቱን ደፋ። ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናት የእናቴ ቡናማ የሱፍ ታይት ናት። ጉልበቷ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍታለች፤ የወንድ እጅ ስፌት እንደሆነ ያስታውቃል። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ያኔም ምንም አልተሰማኝም።

የቀብሩ ዕለት ክላይቭ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ መጣ። በእኛ ዘንድ ሬሳ ተሸካሚ ካፖርት አይደርብም፤ የፈለገ በረዶ ቢወርድ በኮትና በባዶ እጅ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ዊልፍ፣ የቤተ ጸሎቱ በር ላይ አስቆመው።

"አንተ የቲማቲም ጌታ! ወዴት ነው?"

"አባቴን ልሸከም።"

"እንዲህ ተጀቡነህ? ሂድ፣ ከሴቶቹ ጋር ቁም።"

"አጎቴ፣ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። የሣጥኑን አንድ ጥግ ብቻ ስጠኝ።" ካፖርቱን አወለቀ። ከንፈሩ ወዲያው ጠቆረ።

"አየህ? ሣጥኑን ገና ሳትነካው ተንቀጠቀጥክ። ወንድሜን በረዶ ላይ ልትጥልልኝ ነው? ኔሽ!"

ቦርሳዬን ከፈትኩ። "አጎቴ፣ ይቺን ታውቃታለህ?" ታይቷን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። "አባባ ሲሞት ለብሷት ነበር።"

ዊልፍ ግራ ቀኙን አየና የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ያው ቡናማ ሱፍ ነው።

"የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ አጥንታችን አልሞቅ አለ" አለ በሹክሹክታ። "እናትሽ ነች ለሁለታችንም የሰጠችን። በሞቴ፣ መጠጥ ቤት እንዳይሰማ።"

ክላይቭ ታይቷን ከእጄ ወሰደና ጥቁሩን ክር በጣቱ ዳሰሰው። "አንድ ቀን እንኳ በርዶኛል ቢለኝ ኖሮ" አለ፣ "በእግሬም ቢሆን እመጣለት ነበር።"

ዊልፍ ራሱ ሊሸከም የነበረውን የሣጥኑን የፊት ጥግ ለቀቀለት። "በል ካፖርትህን ልበስ፣ የኔ ልጅ" ቢለው እምቢ አለ። ካፖርቱን ለእኔ ሰጥቶ በኮቱ ተሸከመ።

እኔ ካፖርቱን ታቅፌ ከኋላ ተከተልኩ። በረዶው ጫማዬ ውስጥ ገባ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ደንዝዞ የከረመው ሰውነቴ ከእግሬ ጀምሮ ያቃጥለኝ ገባ፤ ከዚያ ጉልበቴን፣ ከዚያ ደረቴን። "በርዶኛል" አልኩ ጮክ ብዬ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፤ እንባዬም መጣ። ኔሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።