የጋራ ወጪ ድርሻ

ሰኔ ሲጋመስ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የተረፈውን በጀት የሚጨርስበት ያጣል። የተመደበለትን ያልጨረሰ ክፍል የሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ይቀነስበታላ። ጤናው ወንበር ይገዛል፣ ባህሉ መጋረጃ ይቀይራል፣ ግብርናው ማንም የማያነበው ባነር ያሳትማል። አቶ እንደሻውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እያወቁ ነው አምና አርባ አንድ ሺህ ብር ወደ ካዝና የመለሱት።

ከተማቸው ከአሰላ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አትሞላም። የከተማዋ አስተዳደር የሚዛን ቁጥጥር የሚባል ክፍል አለው። ክፍሉ ማለት እሳቸው ናቸው፤ ኃላፊውም ባለሙያውም ተላላኪውም። በገበያ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሃያ ሃያ ኪሎ የሆኑ አምስት ብረቶች በፈረስ ጋሪ ያስጭኑና እህል ተራ ገብተው የነጋዴውን ሚዛን ይፈትሻሉ። አምስቱ ብረት ተደምሮ ሚዛኑ አንድ ኩንታል ካላለ ቀይ ወረቀት ይለጥፉበታል፤ እስኪጠገን አይመዘንበትም። ብረቶቹም ራሳቸው በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ሄደው መመርመር አለባቸው። ያለዚያ ማንንም መፈተሽ አይችሉም። በጀታቸው ለዚህ ነው፤ ለጋሪው፣ ለጫኙ፣ ለምርመራው።

በዚያ ዓመት ግን ገበያ ብዙም አልወጡም። ኅዳር ላይ ባለቤታቸው ቦጋለች ታመመች፤ የካቲት ላይ ቀበሯት። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ዕድሩም ወንበሩን ከሰበሰበ በኋላ እንኳ ሰው መሐል መቆም አቃታቸው። እህል ተራ ሲደርሱ አንዱ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ይላል፤ ብረቱን ከጋሪው ሳያስወርዱ ይመለሳሉ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሰኔ ገባ። ያልሠሩበትን ገንዘብ በመጋረጃ መጨረስ ለአቶ እንደሻው ከስርቆት አይለይም። መለሱት። ቅጹ ላይ «ያልተጠቀሙበት ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር፤ «ሥራ ስላልነበረ» ብለው ሞሉት። የቦጋለችን ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ መጻፍ ደስ አላላቸውም።

የዘንድሮው በጀት በዚያ ተሰላ። ዘጠና ሺህ የነበረው አርባ ዘጠኝ ሺህ ሆነ። ከዚያ ላይ የጋራ ወጪ ድርሻ የሚባለው፣ ማለት የጥበቃው፣ የጽዳቱ፣ የመብራቱ፣ የኢንተርኔቱ፣ አርባ አራት ሺህ ወሰደ። አምስት ሺህ ቀረች። እሷም ለአራት የገበያ ቀን በቃች፤ ዓመቱን ሙሉ ከግቢው ጥግ ባለች ክፍላቸው ተቀመጡ። ሐዘኑ ቀለል ብሏቸው፣ «አሁንስ ልውጣ» ያሉ ጊዜ መውጫው ጠፋ።

ዘንድሮ ሰኔ ሃያ አራት ቀን የምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ጠራቸው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ለሊሴ ናት። የፋይናንስ ኃላፊው ሚፍታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አጠገቧ ተቀምጧል። ሚፍታ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቁጥር ሲያነብ ግን ቀና ብሎ ሰው አያይም።

«ጋሼ እንደሻው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የአምናው ቅጽዎ ሥራ ስላልነበረ ይላል። ዘንድሮም የወጡት አራት ቀን ነው። ሥራ የሌለው ክፍል ለምን በጀት ይያዝለታል ብባል ምን ልመልስ? ስለዚህ ንግድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይጠቃለል ብለናል።»

«መጠቃለል ስትል?»

«እርስዎ ፈቃድ እድሳት ላይ ይቀመጣሉ። ብረቶቹ ንብረት ክፍል ይገባሉ።»

«ለእኔ ስጡኝ እንጂ!» አለ ከወዲያ ማዶ ሁሴኖ። የእህል ነጋዴ ነው፤ የሰፈሩ ሰው መርጦት ምክር ቤት ገብቷል። «የመጋዘኔ በር በነፋስ እየተዘጋ አስቸግሮኛል፣ ልደግፍበት።»

ተሳቀ። አቶ እንደሻውም ፈገግ አሉ፤ ቀልድ ከሰሙ ቆይተው ነበር።

«ቆይ፣ ሳቁን ተዉትና» አለ ሁሴኖ ወንበሩን እየሳበ፣ «ይሄ ሰው ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ጎረቤቴ ከገበሬው በኩንታል ሦስት ኪሎ ይበላል። በሰረቀው ተማምኖ መግዣ ዋጋው ላይ ሃምሳ ብር ይጨምራል፤ ገበሬው ደግሞ ዋጋ ጨመረልኝ ብሎ ወደ እሱ ይሮጣል። እኔስ? በትክክል መዝኜ ዝንብ ልቁጠር? ማነው ሥራ አልነበረም ያለው?»

«ራሳቸው ናቸው የጻፉት» አለ ሚፍታ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። ወይዘሮ ለሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦቦ እንደሻው፣ እውነት ሥራ አልነበረም?» አለች።

አቶ እንደሻው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«ባለቤቴ ሞታብኝ ነው። መውጣት አቃተኝ።»

«ነፍስ ይማር» አለች ወይዘሮ ለሊሴ። «ታዲያ ምነው ይህንን ሳይጽፉ ቀሩ?»

«የቱ ጋ ልጻፈው፣ ልጄ?»

ሚፍታ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ቦታ ፈልጎለት ሳይሆን አይቀርም።

«የከርሞው በጀት ጣሪያ ከላይ ተዘግቶ ነው የመጣው፤ ለጋሼም ያው አርባ ዘጠኝ ሺህ ነው» አለ። «ከሌላ ቦታ መጨመር አልችልም። የሚያንቃቸው የጋራ ወጪው ነው። ጠቅላላው ለዘጠኝ ክፍል እኩል ይካፈላል። ጤና አርባ ሰው ይዞ አንድ ድርሻ ነው፤ ጋሼም ብቻቸውን አንድ ድርሻ።»

«ወላሂ ይሄስ ፍርድ አይደለም!» አለ ሁሴኖ። «ኢንተርኔቱን ብረቶቹ ናቸው የሚያዩት?»

«በሰው ብዛት እናካፍል ብለን አምና ሞክረን ነበር። ስምንቱ ክፍል ተነሳብን፣ ሁለት ቀን ተጨቃጭቀን ተውነው።» ሚፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አንድ መንገድ ግን አለ። ድርሻው የሚጣለው ግቢ ውስጥ ቢሮ ባለው ላይ ነው። ቢሮ የሌለው ድርሻ የለበትም። አርባ ዘጠኙ ሺህ እንዳለ ለገበያው ይሆናል።»

ወይዘሮ ለሊሴ ወደ እሳቸው ዞረች። «ክፍሉ ያስፈልግዎታል?»

ምን ብለው ይመልሱ? በእርግጥ በዓመት ውስጥ ለጉዳይ የገባባት ሰው በጣት ይቆጠራል። ግን ጠዋት ጥበቃው በመስኮቷ አልፎ እንዴት አደሩ ለማለት «አከም ቡልተኒ?» ይላቸዋል። አራት ሰዓት ላይ ሻይ የምታዞረው ሴት ሳይጠሯት ብርጭቋቸውን የመስኮቷ ደፍ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ባህልና ቱሪዝሞች ሲስቁ ይሰማል፤ በምን እንደሳቁ ባያውቁም አብረው ፈገግ የሚሉበት ቀን አለ። ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ይህችን የሰው ድምፅ ይዘው ነው የሚገቡት።

በሌላ በኩል ደግሞ በኩንታል ሦስት ኪሎ አለ። ገብሱን በጀርባው አዝሎ ከዳገት የሚወርድ ሰው አለ።

አቶ እንደሻው በልባቸው አማተቡ።

«ክፍሉ ይቅር» አሉ። «ገበያው ይሰጠኝ።»

«ብረቶቹስ የት ያድራሉ?» አለ ሚፍታ እየጻፈ።

«ቤቴ ሰፊ ነው።»

ተጨበጨበላቸው። ሁሴኖ ሲወጡ ትከሻቸውን መታ አድርጎ፣ «ሐሙስ እመጋዘኔ ብቅ በል፣ ሻይ አለህ» አላቸው።

ብረቶቹ አዲስ አበባ ሄደው እስኪመለሱ ሐምሌ አለቀ። በነሐሴ የመጀመሪያው ሐሙስ አቶ እንደሻው ጋሪውን ከቤታቸው ደጅ አስነሥተው እህል ተራ ገቡ። ከጫፍ ጀመሩ፤ ጫፉ ላይ ያለው የሁሴኖ መጋዘን ነው።

አምስቱን ብረት ሚዛኑ ላይ ደረደሩ። ዘጠና ስምንት አለ። አውርደው እንደገና ደረደሩ። ዘጠና ስምንት።

«አርጅቶ ነው» አለ ሁሴኖ። «ወላሂ አላውቅም ነበር።»

«አምንሃለሁ። ይጠገናል፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው።» ቀዩን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

«እንደሻው! በእኔ ትጀምራለህ? በእኔ? ያን ቀን ማን ነበር የተናገረልህ?»

«አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥህ።» ለጠፉት።

ሁሴኖ ዞር ብሎ ለሻይ የላከውን ልጅ በእጁ ምልክት መለሰው። ወሬው ከጋሪው ቀድሞ ደረሰ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ በገቡበት መደብር ሁሉ ሰላምታው አጭር ነበር፤ ወንበር የሳበላቸው አልነበረም። እሳቸውም ቆመው ጨረሱ። ከሃያ ሦስት ሚዛን ዘጠኙ ጎደለ።

ዝናቡ የጣለው የመጨረሻው መደብር ጋ ሳሉ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው ሪፖርታቸውን ጉልበታቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ፤ ጠብታው ወረቀቱን እያበሰበሰ አስቸገራቸው። አንዲት የገጠር ሴት ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ባቄላ በላስቲክ ሸፍና አጠገባቸው ቆማለች። ሲለጥፉ አይታለች።

«አባባ፣ ሚዛን የሚያዩት እርስዎ ኖት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለፈው እዚያ ጋ በልተውኛል። የምነግረው ሰው አጣሁ። ቢሮዎ የት ነው?»

«ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ነኝ።»

«ሌላውን ቀንስ?»

አቶ እንደሻው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት» አሏት። «ውሻ የለም። አንኳኪ፤ አለሁ።»